በ120 ዶላር ለአባትና ለልጅ የባስ ዓሣ ማጥመጃ፦ ዘንጉ፣ ሪሉና ክሩ እንዴት ቢመረጥ ይሻላል?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። በሚመጣው ጸደይ ከ12 ዓመት ልጄ ጋር በበርክ ሐይቅና በፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ባስ ለማጥመድ አስበናል። ጀልባ የለንም፤ የምናጠምደው ከዳር ቆመን ነው። ለሁለታችን ዘንግ፣ ሪል (የክር መጠቅለያ) እና ክር መግዣ የመደብሁት 120 ዶላር ሲሆን፣ መንጠቆና ማባበያም ከዚያው ላይ ቢሸፈን ደስ ይለኛል።

ዓሣ ማጥመድ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ ከእኩዮቼ ጋር በአሞራ ገደል በኩል ወርደን፣ ሸምበቆ ጫፍ ላይ ክር አስረን፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተን ቆሮሶ እናወጣ ነበር። ሪል የሚባል ነገር አናውቅም። ዓሣው ሲነካ ሸምበቆውን ወደ ላይ መንጠቅ ነው፤ ቆሮሶው በራሳችን ላይ አልፎ ከኋላችን ሣር ላይ ይወድቃል። እዚህ አገር መደብር ስገባ ግን ያ ሁሉ ልምዴ ከበሩ እንዳላለፈ ተረዳሁ።

ባለፉት የበጋ ወራት አንድ ሻጭ «ይህ ሁሉንም ዓይነት ዓሣ ይይዛል» ብሎ ያስረከበኝን ዘንግና ሪል ገዛሁ። ዘንጉ 9 ጫማ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ክሩ 20 ፓውንድ ይችላል የሚል የተጻፈበት፣ ወፍራምና ደረቅ ነው። ትንሿን የላስቲክ ትል ስወረውራት ከአሥር ሜትር አታልፍም፤ ክሩም ከሪሉ ላይ እንደ ሽቦ ጥቅል እየተጠመዘዘ ይወርድና ይተበተባል። ሦስት ጊዜ ዓሣ ነክቶኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ መነካቴን ያወቅሁት ዓሣው ከሄደ በኋላ፣ ትሏ ጅራቷ ተበልቶ ስትመለስ ነው። ልጄም ዘንጉ ከብዶት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አሁን የተቸገርሁት እንዲህ ነው። ገንዘቡን አንድ ጥሩ ዘንግ ላይ አውለን እየተፈራረቅን ብንጠቀምበት ይሻላል ወይስ ሁለት ርካሽ መግዛት? በቪዲዮ የማያቸው ባስ አጥማጆች አብዛኞቹ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውን ክብ ሪል ሲጠቀሙ አያለሁ፤ እኔ ያለኝ ግን ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፤ ይህ ልዩነት ያመጣ ይሆን? ክሩንስ በተመለከተ፣ ናይለን፣ ፍሎሮካርቦን፣ የተጎነጎነ እየተባለ አንዱ በ8 ዶላር ሌላው በ30 ዶላር የሚሸጠው ለምንድን ነው? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ፖቶማክ ማለዳ

ወንድሜ፣ ዓሣው ሦስት ጊዜ ነክቶ መሄዱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የዘንጉ ነው። ቆሮሶ ትንሽ አፍ ያለው፣ አልጌና ደቃቅ ነገር ሲለቃቅም የሚውል ዓሣ በመሆኑ ትሉን እየነካካ ጊዜ ይሰጥዎታል። ባስ ግን አዳኝ ነው፤ ሰፊ አፉን ከፍቶ ማባበያውን ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ነገሩ እንዳላማረው ሲያውቅም ወዲያው ይተፋል። ያቺ ቅጽበት በክሩ በኩል ጣትዎ ላይ የምትደርሰው አንድ ጊዜ ኳ እንደማለት ሆና ነው፤ አንዳንዴም ክሩ ያለ ምክንያት ወደ ጎን ሲሄድ ከማየት በቀር ሌላ ምልክት የለም። የባሕር ዘንግ ይህን ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል።

ስለዚህ መደብር ሲገቡ የዘንጉን ቀለምና የተለጠፈበትን ማስታወቂያ ትተው ከእጀታው በላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። እኔ አሁን ከጎኔ ያለውን አንስቼ ላንብብልዎ፦ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፤ ሚዲየም፤ ፋስት፤ ክር ከ6 እስከ 12 ፓውንድ፤ ማባበያ ከአንድ ስምንተኛ እስከ አምስት ስምንተኛ አውንስ። ሚዲየም የሚለው ጥንካሬው ነው፤ ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ፋስት የሚለው ደግሞ ዘንጉ የሚጎብጠው ከየት ጀምሮ እንደሆነ የሚገልጽ ነው፤ ፋስት ከሆነ ጫፉ ብቻ ይጎብጣል፣ ወገቡ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ መንጠቆውን ወደ ባስ ጠንካራ መንጋጋ የሚያስገባውም ያ ወገብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የማባበያውን ክብደት የምትገልጸው የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ አትኩሮት ያድርጉ። ዘንግ ማባበያን የሚያስወነጭፈው በማባበያው ክብደት ጎብጦ ሲመለስ ነው፤ የባሕሩ ዘንግዎ ለብዙ አውንስ የተሠራ በመሆኑ በትንሿ ትል አልጎበጠም፣ ካልጎበጠ ደግሞ የሚያስወነጭፍበት ጉልበት ከየት ይመጣል? አሥር ሜትር መድረሱም ይገርመኛል።

አንድ ወይስ ሁለት ለሚለው፣ ያለ ምንም ማመንታት ሁለት ይግዙ። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ ሲያጠምድ ቆሞ ማየትን ዓሣ ማጥመድ ብሎ አይቆጥረውም። ለእርስዎ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ሚዲየም፤ ለልጁ 6 ጫማ፣ ሚዲየም ወይም ከዚያ ቀለል ያለው ሚዲየም ላይት ይበቃል።

ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ክብ ሪል ቤይትካስተር ይባላል። ከባድ ማባበያ በትክክል ለማሳረፍና ወፍራም ክር ለመጠቀም እጅግ የተመቸ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ሲወረውሩ የሚሽከረከረው ክሩ የተጠቀለለበት ስፑል ራሱ ነው። ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ስፑሉ ካልቀነሰ ክሩ በውስጡ እንደ ወፍ ጎጆ ይከመራል፣ ይህን ለመከላከል አውራ ጣትን ስፑሉ ላይ አሳርፎ ማብረድን መልመድ ያስፈልጋል። በሚሊዮን ለሚቆጠር ገንዘብ የሚወዳደሩት ሰዎች ያን የሚይዙት ጣታቸው ስለ ለመደ ነው። ከታች የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ ሪል ግን ሲወረወር ስፑሉ አይንቀሳቀስም፤ ክሩ ከላዩ ላይ እየተፈታ ይወጣል እንጂ። ለቀላል ማባበያ፣ ለነፋሻ ቀንና ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው። መጠኑ 2500 የሚል የተጻፈበት ይሁን፤ ለልጁ 2000 ቢሆንም ያው ነው። በሪሉ ሣጥን ላይ «ይህን ያህል ቦል ቤሪንግ አለው» የሚለው ቁጥር አያታልልዎት፤ አራት ጥሩ ቤሪንግ ከአሥር መናኛ ይበልጣል። ይልቅ ሣጥኑን አስከፍተው እጀታውን ያሽከርክሩት፤ ከዚያም ድራጉን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ እየተቋቋመ እንዲለቅ የሚያደርገውን፣ ከስፑሉ ፊት ያለውን ቁልፍ ትንሽ አላልተው ክሩን በእጅዎ ይሳቡ። እየተንገጫገጨ ሳይሆን እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ከወጣ ሪሉ ጥሩ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። አግሊ ስቲክ ጂ ኤክስ 2 የሚባለው ከነሪሉ የሚሸጠው በ50 ዶላር ገደማ፣ አንዳንዴም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የአግሊ ስቲክ ስም ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው፤ መስታወት መሰሉን ፋይበርግላስና ግራፋይት ቀላቅሎ የተሠራ በመሆኑ በመኪና በር ቢቆነጠር እንኳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ቀለበቶቹም ባለ አንድ ወጥ ብረት ስለሆኑ ውስጣቸው ተነቅሎ አይወድቅም። ጉድለቱን ካልነገርሁዎ ግን አልመከርሁዎትም፤ ከሙሉ ግራፋይት ዘንግ ይከብዳል፣ የዓሣውንም ንክኪ ያን ያህል አጥርቶ አያደርስም። ለእርስዎ ዘንግና ሪሉን ለየብቻ ቢገዙ፣ ለምሳሌ 40 ዶላር አካባቢ የሆነ ግራፋይት ዘንግና በ30 ዶላር ገደማ የሚገኘውን የሺማኖ ሲዬና ሪል ቢያቀናጁ የተሻለ ይሆናል፤ ያኔ ግን ለልጁ የሚተርፈው ያንሳል። ሁለት ጂ ኤክስ 2 ከገዙ 100 ዶላር አካባቢ ይሆናል፤ በቀረው 20 ዶላር አንድ ትልቅ ጥቅል ክር፣ አንድ ከረጢት የላስቲክ ትልና መንጠቆ ይሸምቱበታል። ከፋብሪካ ተጠቅልሎ የመጣውን ክር በዚያው ዕለት አውጥተው ይጣሉት።

የማጥመጃ ፈቃድዎንም ከዚህ ላይ አይርሱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጁ 16 ዓመት ስላልሞላው አያስፈልገውም፤ እርስዎን ግን ያስፈልግዎታል።

ባለ ቋጠሮው

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ስለ ክሩ ግን በአንድ መስመር ማለፍ አይገባም ባይ ነኝ። ዓሣውንና እርስዎን የሚያገናኘው ክሩ ብቻ ነው። የ200 ዶላር ዘንግ ይዞ በሦስት ዓመት ክር የሚያጠምድ ሰው አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ የሚናገረው ስለ ጠፋበት ትልቅ ዓሣ ነው።

ሞኖ የሚባለው አንድ ወጥ የናይለን ክር ነው። ይለጠጣል፤ ይህ ለጀማሪ ምሕረት ነው፣ ምክንያቱም በድንገት ቢጎትቱ ወይም ዓሣው ዳር ደርሶ ቢዘል ልጠጣው ድንጋጤውን ይቀበላል። ለቋጠሮ ይመቻል፣ ርካሽ ነው። ጉዳቱ ውኃ ይመጥጣል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሪሉ ላይ ሲቆይም የስፑሉን ክብ ቅርጽ ይይዛል፤ የእርስዎ 20 ፓውንድ ክር እንደ ሽቦ ጥቅል የወረደው በዚህ ነው። ክሩ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ይህ ጠባዩ ይብሳል። ስለዚህ ለሁለታችሁም 8 ፓውንድ ሞኖ ይግዙ፤ 330 ያርድ የሚይዘው ጥቅል በ10 ዶላር ገደማ ይገኛል፣ ሁለት 2500 ሪሎችም ይሞላል። በየዓመቱ መጀመሪያ መቀየር ነው።

ፍሎሮካርቦን ከውኃ ይከብዳልና ይሰምጣል። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ሲሆን የውኃው 1.33 ነው፤ ናይለን ከዚህ ራቅ ስለሚል በውኃ ውስጥ ይበልጥ ይታያል። ልጠጣው ከውኃ ከገባ ናይለን ያነሰ በመሆኑ ንክኪውን በደንብ ያደርሳል። ነገር ግን ደረቅ ነው፤ ስፒኒንግ ሪል ላይ ሙሉውን ቢሞሉት እየዘለለ ያስቸግራል፣ ቋጠሮውም ሳይረጥብ ከጠበቀ በራሱ ሙቀት ተቃጥሎ ይበጠሳል። የፖቶማክ ታችኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ደፍራሳ ነው፤ በደፍራሳ ውኃ ለማይታይ ክር 20 ዶላር መክፈል ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

የተጎነጎነው ክር ከጠንካራ ፖሊኢትሊን ቃጫ የሚሠራ ነው። ጨርሶ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ 20 ፓውንድ የሚችለው ውፍረቱ የ6 ፓውንድ ሞኖን ያህል ብቻ ነው። ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ውሎ አድሮ ሲታይ ውድ አይደለም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ባዶ ስፑል ላይ በቀጥታ ከጠቀለሉት የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ሙሉ ጥቅሉ ስፑሉ ላይ ይሽከረከራል፣ ድራጉ የተበላሸም ይመስልዎታል፤ ስለዚህ ከሥር አሥር ያርድ ያህል ሞኖ ይጠቅልሉለት። ሁለተኛ፣ ዛፍ ወይም ድንጋይ ሲይዝብዎ በባዶ እጅ አይሳቡት፤ ሥጋ ይቆርጣል። እኔ ጠቋሚ ጣቴ ላይ እስከ ዛሬ የሚታይ መስመር አለኝ።

ስለ ቋጠሮ፣ አንድ ብቻ ይማሩ፤ ፓሎማር ይባላል፣ ለሞኖም ለተጎነጎነውም ይሆናል። ክሩን አጥፈው ድርብ ያደርጉትና በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉታል፤ በድርቡ ተራ ቋጠሮ ይሠራሉ፣ ሳያጠብቁት ያቆዩታል፤ ከጫፉ የቀረውን ቀለበት ከፍተው መንጠቆውን ሙሉ በሙሉ በውስጡ ያሳልፋሉ፤ ከዚያም በምራቅ አርጥበው ሁለቱንም ጫፍ አንድ ላይ በቀስታ ይስባሉ። ምራቁን የሚዘል ሰው አይቼ አልጨርስም።

የዳላሱ

ፖቶማክ ማለዳ ስለ ቤይትካስተር የተናገሩት ትንሽ ያስፈራል። እኔ የምኖረው ቴክሳስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የግዛቱ ክብረ ወሰን የሆነው 18.18 ፓውንድ ባስ የወጣበት ሌክ ፎርክ ከቤቴ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ባስ የሚያድረው በሰመጠ እንጨትና በጥቅጥቅ የውኃ ሣር ውስጥ ስለሆነ፣ በ8 ፓውንድ ክርና በስፒኒንግ ሪል የያዙትን ዓሣ ከዚያ ማውጣት አይታሰብም። ፖቶማክም ቢሆን በበጋ ሃይድሪላ የሚባለው ሣር ይወርሰዋል።

በሌላ በኩል ግን ከ60 ዶላር በታች የሆነ ቤይትካስተር ለጀማሪ ቅጣት ነው፤ ፍሬኑ በወጉ አይሠራም፣ ከ10 ውርወራ አራቱን ክር ሲፈቱ ያሳልፋሉ። በ120 ዶላር ለሁለት ሰው ከሆነ ስፒኒንግ ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት ጣትዎ ሲለምድ 7 ጫማ ሚዲየም ሄቪ ከቤይትካስተር ጋር ይጨምሩበታል። እስከዚያ በሣሩ ውስጥ ሳይሆን በሣሩ ጠርዝ ያጥምዱ።

እኅት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁሉም አዲስ ሲገዛ የማያስታውሰውን እኔ ልጨምር። በጥርና በየካቲት ወር ብዙ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ የአጥማጅ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እኔ የአንድ ጡረተኛ አጥማጅን የፍሉገር ፕሬዚደንት ሪል ከነዘንጉ በ35 ዶላር ገዝቻለሁ፤ ሪሉ ብቻውን አዲስ ቢሆን ከ60 ዶላር በላይ ነው።

ያገለገለ ዘንግ ሲገዙ ቁራጭ ጥጥ ይዘው ይሂዱ። ጥጡን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ያሳልፉና ያሽከርክሩት፤ የጥጥ ቃጫ ተይዞ ከቀረ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ክርዎን እንደ ቢላ ይልጠዋል። በተለይ የጫፉን ቀለበት ደግመው ይመልከቱ። ከዚያ ዘንጉን ጫፉን ይዘው በቀስታ ያጉብጡት፤ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰሙ ሰላምታ ሰጥተው ይመለሱ። ሪሉን ደግሞ እጀታውን ወደ ኋላ ለመመለስ ይሞክሩ፤ ሳይንቀሳቀስ መቆም አለበት። ክሩን በተመለከተ፣ ከአሮጌ ዕቃ ጋር የሚመጣ ክር ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ወደ ቆሻሻ ነው።

ሴት ልጄ የጀመረችው 9 ዓመቷ ሳለ ነው። ለልጅ ሲመርጡ ዘንጉን አንድ ጣት ላይ ሪሉ ከተያያዘበት ትንሽ ፊት ለፊት አስተኝተው ሚዛኑን ይመልከቱ፤ ጫፉ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ የልጅ ክንድ ይደክማል። ክብደቱ ከጠቅላላ ግራሙ ይልቅ በዚህ ይታወቃል።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአንድ ወር ያህል ዝም ያልሁት ምክራችሁን በተግባር ላይ ሳውል ነው። ለልጄ አዲስ ጂ ኤክስ 2 ገዛሁለት። ለእኔ እኅታችን ባሉት መሠረት ያገለገለ ግራፋይት ዘንግ በ25 ዶላር አገኘሁና አዲስ ሲዬና ሪል አሰርሁበት። ጥጡን ይዤ ስሄድ ሻጩ ሐኪም መጣ ብሎ ሳቀብኝ፤ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ግን ጥጡ ተይዞ ቀረ፣ በዚያው ምክንያት አምስት ዶላር ቀነሰልኝና ቀለበቱን በኋላ በስድስት ዶላር አስቀየርሁት። አንድ ዶላር ከሰርሁ፣ ግድ የለም። ክሩ ታክሎበት 118 ዶላር ወጣብኝ።

አንድ ችግር ግን አለ። 8 ፓውንዱን ሞኖ በሁለቱም ሪል ላይ እኔው ራሴ ጠቀለልሁት። የእኔ ሰላም ነው፤ የልጄ ግን ከ20 ውርወራ በኋላ ክሩ ራሱ ላይ እየተጠማዘዘ ትናንሽ ቀለበት ይሠራል። ሁለቱም ክር ከአንድ ጥቅል የወጣ ነው። ምን አጠፋሁ?

ፖቶማክ ማለዳ

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በነጻ ይስተካከላል።

የመጀመሪያው አጠቃለልዎ ነው። የክሩን ጥቅል ወለል ላይ በጀርባው አስተኝተው፣ ክሩን በዘንጉ የመጀመሪያ ቀለበት አሳልፈው አሥር ዙር ያህል ይጠቅልሉና ያቁሙ። ዘንጉን ወደ ጥቅሉ አስጠግተው ክሩን ያላሉት፤ ቶሎ ከተጠማዘዘ ጥቅሉን በሌላ ፊቱ ይገልብጡትና ይቀጥሉ። ሪሉ ክሩን የሚጠቀልልበትና ከጥቅሉ የሚወጣበት ዙር ካልተጣጣመ እያንዳንዱ ዙር አንድ ጥምዝ ይጨምራል። የእርስዎን ሪል በአንድ ፊት፣ የልጅዎን በሌላ ፊት ሳይጠቀልሉ አልቀሩም። ስፑሉንም እስከ አፉ አይሙሉት፤ ከጠርዙ የሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ይተዉ።

ሁለተኛው ልጅዎ ነው። ከወረወረ በኋላ ቤይል የሚባለውን፣ ክሩን የሚይዘውን ቀስት መሰል ሽቦ፣ እጀታውን በማሽከርከር እየዘጋው ይመስለኛል። በእጁ ይዝጋው፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ክሩን ሳብ አድርጎ ያጥብቀው። እንዲሁም ዓሣ ይዞ ድራጉ ክር እየለቀቀ ሳለ እጀታውን እንዳያሽከረክር ይንገሩት፤ እያንዳንዱ ከንቱ ዙር ጥምዝ ነው። አሁን የተጠማዘዘውን ለመፍታት፣ ማባበያውን ቆርጠው ባዶውን ክር ሜዳ ላይ እስከ 50 ሜትር አውጥተው እየተራመዱ ይጎትቱት፤ ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ራሱን ይፈታል።

ድራጉን ሳያስተካክሉ ደግሞ እንዳይወጡ። ለ8 ፓውንድ ክር ሩቡ፣ ማለትም 2 ፓውንድ ያህል ነው። አንድ ሊትር ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ 2.2 ፓውንድ ይመዝናል፤ ክሩን ጠርሙሱ አንገት ላይ አስረው በዘንጉ ያንሱት፣ ጠርሙሱ ቀስ ብሎ መውረድ እስኪጀምር ድረስ ቁልፉን ያላሉ።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ሁለቱም ሆነው ተገኙ። ቤይሉን በእጀታው ይዘጋ ነበር፤ ጥቅሉንም ገልብጬዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በርክ ሐይቅ ነበርን። ባስ ለመራባት ወደ ዳር የሚጠጋው ውኃው ወደ 60 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲጠጋ እንደሆነ ስላነበብሁ ነፋስ ከማይደርስበት፣ ፀሐይ ከምትመታው ጥግ ቆምን። ትሉን ወገቡ ላይ መንጠቆ ሰክተን ያለ ምንም ተጨማሪ ክብደት በወደቀ ዛፍ አጠገብ እንዲሰምጥ ተውነው። ልጄ «አባዬ፣ ክሩ እየሄደ ነው» አለኝ። እኔ ምንም አልታየኝም፤ እሱ ግን ዘንጉን አነሣ፣ ድራጉም ድምፅ አሰማ። 14 ኢንች ነው፤ ለክተን መልሰን ለቀቅነው። እኔ ደግሞ አንድም አልያዝሁም፤ ዘንጌን ግን ምንም አልወቅሰውም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ያ 9 ጫማ የባሕር ዘንግ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ይሸጥ?

ባለ ቋጠሮው

አይሸጥ። ማዕበል የሚደርስበት የፖቶማክ ክፍል ውስጥ ብሉ ካትፊሽ የሚባል፣ ከሐዋሳው አምባዛ ጋር ዘመድ የሆነ ትልቅ ዓሣ ሞልቷል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣና የአገሩን ዓሣ እየበላ ያስቸገረ በመሆኑ ቢያወጡት የሚከፋ የለም። ከ30 ፓውንድ በላይ የሆኑ ይወጣሉ፤ 20 ፓውንድ ክርና ያ ዘንግ ልኩ ነው። የተቆረጠ ዓሣ መንጠቆው ላይ ሰክተው፣ ሦስት አውንስ የሚመዝን ማስጠሚያ አስረው ከዳር ሩቅ ይወርውሩት፤ ዘንጉን መሬት ላይ በተተከለ ቧንቧ ውስጥ ያቁሙት እንጂ ተጋድሞ አይተዉት፣ ይዞት ይሄዳል። ለመብላት ካሰቡ የፖቶማክን ካትፊሽ በተመለከተ የጤና ማሳሰቢያ ስላለ በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ከትልቁ ይልቅ ትንሹን ይምረጡ።